በአንድ መስመር ስምንት ብቻ፦ «ግራዲየስ» ከአርኬድ ወደ ቤት ኮንሶል የተዛወረበት መንገድ

በ2000 ዓ.ም. ገደማ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ፣ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ጌም ቤት ነበረች። ንብረቷ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የተቀመጠ ግራጫ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ለግማሽ ሰዓት 1 ብር ይከፈላል። ከካሴቱ ጨዋታዎች ሁሉ የምንሻማው አንዲት የጠፈር መርከብ ወደ ቀኝ እየበረረች የምትተኩስበትን ነበር። ጠላት ሲበዛ ጥይቱም፣ ጠላቱም፣ አንዳንዴ የራሳችን መርከብ ጭምር ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። ከመካከላችን ለዚህ ማብራሪያ የሚሻ አልነበረም፤ ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ መብራት ነው። ማታ ማታ ኃይሉ ይዋዥቃል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ መርከባችንም ትደበዝዛለች። «ጋሼ፣ መብራቱ እያስበላን ነውና ደቂቃ ይጨምሩልን» ብለን ባለቤቱን እንለምናቸዋለን። እሳቸውም ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት ላይ ሳያነሡ «መብራት ኃይልን ጠይቁ» ይሉናል።

የዚያ ጨዋታ ስም «ግራዲየስ» መሆኑን ያወቅሁት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው። ብልጭታው ከመብራቱ ጋር ምንም ግንኙነት እንዳልነበረውም ያኔ ተረዳሁ። ጨዋታውን ከትልቅ ማሽን ወደ ትንሽ ማሽን ያዛወሩት ሰዎች አስበው ያስገቡት ሥራ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያ ሥራ ምን እንደሆነ ያስረዳል። ርእሰ ጉዳዩ የልጅነት ጨዋታ ቢሆንም፣ ጥያቄው በቤተ ሙከራ የተሠራ ሶፍትዌር ወደ ተጠቃሚው እጅ ሲገባ ለሚገጥመው ችግር ቅርብ ነው፤ በጽሑፉ መጨረሻ ከራሴ ሥራ ያጋጠመኝን የማነሣውም ስለዚህ ነው።

ሁለቱ ማሽኖች

«ግራዲየስ» የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ ሥራ ነው። የልማት ቡድኑን የመራው ሂሮያሱ ማቺጉቺ ሲሆን፣ ጨዋታው በሳንቲም የሚሠራ የአርኬድ ማሽን ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 1985 ነው። ከጃፓን ውጭ ባሉ የመጫወቻ አዳራሾች «ኔሜሲስ» በሚል ስም ታውቋል። ኮናሚ በ1981 ባወጣው «ስክራምብል» ውስጥ ማያው ራሱ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ተጫዋቹን ወደፊት የሚገፋበትን ስልት አሳይቶ ነበር፤ «ግራዲየስ» የእርሱ ወራሽ ነው።

የጨዋታው አዲስ ነገር በማያው ግርጌ የተደረደሩት ስድስት ሳጥኖች ናቸው። ተጫዋቹ የተወሰኑ ጠላቶችን ሲገድል ካፕሱል ይወድቃል። ካፕሱሉን ባነሣ ቁጥር ምልክቱ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሻገራል፦ ፍጥነት፣ ሚሳይል፣ ድርብ ተኩስ፣ ሌዘር፣ ኦፕሽን፣ ጋሻ። የፈለገው ሳጥን ላይ ሲደርስ ቁልፍ ይጫናል፤ ካልጫነ ደግሞ ለሚቀጥለው እያጠራቀመ ይጓዛል። አሁን ትንሽ ልውሰድ ወይስ ለትልቁ ልቆጥብ የሚለው ስሌት ከተኩሱ እኩል ጨዋታውን ይገዛዋል። መርከቡ አንዴ ከተመታ ያጠራቀመው ሁሉ ይጠፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ባዶውን ይጀምራል።

የአርኬዱ ማሽን ዋና ፕሮሰሰር ሞቶሮላ 68000 ነበር፤ ድምፁን የሚመራ ዜድ80 የተባለ ሌላ ፕሮሰሰርም ነበረው። እንዲህ ያለ ማሽን የሚሸጠው ለአዳራሽ ባለቤት ስለሆነ ዋጋው ቢወደድም በሚሰበሰበው ሳንቲም ይካካሳል። ፋሚኮም ግን ለቤተሰብ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ኔንቴንዶ በጁላይ 1983 ያወጣው ይህ ኮንሶል ልቡ በሴኮንድ ወደ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ነው። የሥራ ሜሞሪው 2 ኪሎባይት ነው፤ ለምስል የተመደበለትም ሌላ 2 ኪሎባይት። የ«ግራዲየስ» የፋሚኮም ካሴት 32 ኪሎባይት ለፕሮግራሙ፣ 32 ኪሎባይት ለሥዕሎቹ፣ በድምሩ 64 ኪሎባይት ይይዝ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ይበልጣል። ማያው በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ፣ ለእያንዳንዱ ዕድሳት ፕሮሰሰሩ የሚያገኘው ከ30,000 የማይሞላ ምት ነው፤ አንድ ትእዛዝ ደግሞ በአብዛኛው ከ2 እስከ 7 ምት ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ መርከቡን ማንቀሳቀስ፣ ጠላቱን መምራት፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ ማጣራት፣ ሙዚቃውንም ማጫወት ግድ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ የፋሚኮሙ «ግራዲየስ» በኤፕሪል 1986፣ አርኬዱ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ወጣ።

ዘጠነኛው የት ሄደ?

ከፕሮሰሰሩም ከሜሞሪውም ይልቅ አዛዋሪዎቹን ያስጨነቀው የምስሉ አሠራር ይመስለኛል። በፋሚኮም የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ «ስፕራይት» ከሚባሉ ትንንሽ ሥዕሎች ይገጣጠማል። የአንዱ ስፕራይት ስፋት 8 ፒክስል ነው። የማያው ስፋት 256 ፒክስል ነው። የምስል ቺፑ በአንድ ጊዜ 64 ስፕራይቶችን በሠንጠረዥ ይይዛል፤ ይህ ለብዙ ጨዋታ በቂ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚስለው ከላይ ወደ ታች፣ በአግድም መስመር፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እየወረደ ነው። ቺፑ አንዱን መስመር እየሳለ ሳለ ለሚቀጥለው መስመር የሚያስፈልጉትን ስፕራይቶች ከሠንጠረዡ ይፈልጋል፤ ያገኛቸውንም በአንዲት ትንሽ ማቆያ ውስጥ ያስቀምጣል። ማቆያዋ የምትይዘው ስምንት ብቻ ነው። ዘጠነኛው በዚያ መስመር ላይ አይሣልም። ስሕተት ተፈጠረ ብሎ የሚቆም ነገር የለም፤ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ዘጠነኛው ግን አይታይም። በዓይን ባይታይም በፕሮግራሙ ስሌት ውስጥ አለና ይገድላል።

ለተጫዋች ከዚህ የከፋ በደል የለም፤ በማያየው ጥይት ይሞታል። የፋሚኮም ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነው። ቺፑ ቅድሚያ የሚሰጠው በሠንጠረዡ ከላይ ለተመዘገቡት ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ በየዕድሳቱ የምዝገባውን ቅደም ተከተል ያዟዙራል። በዚህ ቅጽበት የቀረው በሚቀጥለው ይገባል፤ የገባው ደግሞ ተራውን ይለቃል። ሁሉም በከፊል ይታያል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ ግን የለም። እኛ በመርሳ ያየነው ብልጭታ ይህ ነው። መብራት ላይ ማላከካችን ስሕተት ቢሆንም ከእውነቱ ብዙ የራቅን አልነበርንም፤ ነገሩ በትክክል ፈረቃ ነበርና። ለሁሉም የማይበቃ ኃይል ሲኖር አንዱን ሰፈር ለዘለቄታው አጨልሞ ሌላውን ከማብራት ይልቅ ሁሉም በየተራው እንዲያገኝ ይደረጋል። ልዩነቱ የፋሚኮሙ ፈረቃ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው።

ይህን በራሴ ኮምፒዩተር አረጋግጫለሁ። የዛሬ ኢሙሌተሮች የስምንቱን ወሰን የማንሣት አማራጭ አላቸው። ወሰኑን አንሥቼ ያንኑ ትዕይንት ስጫወተው ብልጭታው ጠፋ፤ ምስሉ እንደ ሸማ ጠራ። ወዲያውም አንድ ያልጠበቅሁት ስሜት መጣብኝ። መርከቧ የሌላ ሰው መርከብ መሰለችኝ።

ከአራት ወደ ሁለት

ወደ ጎን የሚሄድ የተኩስ ጨዋታ በዚህ ወሰን ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። ወደ ላይ በሚሄድ ጨዋታ ጥይቱና መርከቡ በተለያየ ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ መስመሮቹን ይከፋፈላሉ። ወደ ጎን በሚሄደው ግን መርከቡ፣ ጥይቱና የሚተኮስበት ጠላት በአንድ አግድም መስመር ይሰለፋሉ። ጨዋታው ራሱ ቺፑ የሚጠላውን ነገር የሚያዝ ነው ማለት ይቻላል።

«ኦፕሽን» የሚባለው መሣሪያ ይህን ያባብሰዋል። ኦፕሽን ከመርከቡ ኋላ የሚከተል ብርሃናማ እንክብል ነው፤ የመርከቡን መንገድ እግር በእግር እየተከተለ መርከቡ በተኮሰ ቁጥር አብሮ ይተኩሳል። ሠሪዎቹ ይህን የሚያደርጉት መርከቡ ያለፈባቸውን ቦታዎች በመመዝገብ ነው፤ የመጀመሪያው እንክብል ከጥቂት ቅጽበት በፊት መርከቡ የነበረበት ላይ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ከዚያ በፊት በነበረበት። በአርኬዱ አራት ኦፕሽን መያዝ ይቻላል። መርከቡ ቀጥ ብሎ ወደፊት ሲበር አራቱም ከኋላው በአንድ መስመር ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ሁለት ስፕራይት ያህል ይሰፋል ብለን ብናሰላ መርከቡና አራቱ ብቻ አሥር ይሆናሉ። ጠላት ሳይመጣ፣ ጥይት ሳይተኮስ ወሰኑ አልፏል። በሁለት ኦፕሽን ግን ስድስት ይሆናል፤ ለጠላትና ለጥይት ሁለት ይቀራል። እርሱም ቢሆን ጠባብ ነው፣ ብልጭታውም ከዚህ ይመጣል፤ ነገር ግን በፈረቃ ሊያዝ የሚችል ጥበት ነው።

የፋሚኮሙ «ግራዲየስ» ሁለት ኦፕሽን ብቻ ነው ያለው። ስሌቱ በኮናሚ ቢሮ በትክክል በዚህ መልክ ተሠርቷል አልልም፤ የቺፑን ወሰን የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ቁጥር ላይ ለመድረስ ይቸግረዋል።

ሌዘሩም እንዲሁ ነው። በአርኬዱ ማያውን ሰንጥቆ የሚሄድ ረጅም ጨረር ነው። ስምንት ስፕራይት ጎን ለጎን ቢደረደሩ 64 ፒክስል ይሸፍናሉ፣ የማያውን ሩብ ማለት ነው፤ ይህም መርከቡ ራሱ በመስመሩ ላይ ቦታ እንደማይዝ ከተቆጠረ ነው። ስለዚህ ሌዘሩ አጠረ። ድምፁም ወደ ኮንሶሉ አምስት የድምፅ መስመሮች ተጨመቀ።

አሁን ያልተነካውን እንይ። ስድስቱ ሳጥኖች አሉ፣ ቅደም ተከተላቸውም አልተለወጠም። ሰባቱ ደረጃዎች አሉ፤ በመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ድንጋይ የሚተፉት እሳተ ገሞራዎች፣ በሦስተኛው ከአፋቸው ቀለበት የሚተፉት የሞአይ ሐውልቶች። ከሞት በኋላ ባዶ እጅ ወደ ኋላ መመለሱም አለ። ኦፕሽኑ ቁጥሩ ቢቀንስም እግር በእግር የመከተል ጠባዩን አልተወም፤ ለምሳሌ ከመርከቡ ጋር ተጣብቆ የማይነቃነቅ ረዳት ማድረግ ለፕሮግራም ጸሐፊው እጅግ ይቀልለው ነበር። አልተደረገም። ብዛት፣ ርዝመትና ድምቀት ተቀነሱ፤ የተጫዋቹ ውሳኔ የሚመረኮዝባቸው ሕጎች አልተቀነሱም። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። አንድ ጨዋታ መዛወሩ የሚፈተነው በመልኩ ተመሳሳይነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በመርሳ የነበርን ልጆች አርኬዱን አይተን አናውቅም፣ ሌዘሩ ማጠሩንም አናውቅም፤ ካፕሱሉን ላንሣ ወይስ ላሳልፍ የሚለው ጭንቀት ግን ሙሉው ደርሶናል።

የፈታኙ ቁልፍ

ከዚህ የማዛወር ሥራ የቀረ ሌላ ቅርስም አለ። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለው የኮናሚ ባለሙያ ጨዋታውን ወደ ፋሚኮም ሲያዛውር ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ መፈተን ነበረበት፤ ግን ከበደው። በራሱ ጨዋታ ይሞታል፤ ከሞተም ባዶውን ይጀምራል። ስለዚህ ጨዋታውን አቁሞ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ ሲጫን አብዛኞቹን መሣሪያዎች የሚሰጥ ምስጢራዊ ቅደም ተከተል አስገባ። ቁልፉ ሳይወጣ ከካሴቱ ጋር ለገበያ ቀረበ፤ «የኮናሚ ኮድ» ተብሎም ዓለም አወቀው። በኋላ «ኮንትራ» በተባለው ጨዋታ 30 ሕይወት የሚሰጠው ይኸው ነው። ሃሺሞቶ በፌብሩዋሪ 2020 አርፏል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። ለእኛ ሙያ ግን ቁም ነገር አለው፦ የራሱን ሥራ በተጠቃሚው እጅና በተጠቃሚው ማሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሞከረ ሰው ነበር ማለት ነው። እንዲያውም የከበደው ስለ ሞከረው ነው።

ከዋናው ይልቅ የቆየው ቅጂ

የጃፓኑ አርኬድ «ግራዲየስ» መጀመሪያ የተጫነው «በብል ሲስተም» በተባለ የኮናሚ ማሽን ላይ ነበር። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በበብል ሜሞሪ፣ ማለት በመግነጢሳዊ ስስ ገጽ ላይ በሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን አረፋ መሰል ነጥቦች ነው። ይህ ሜሞሪ ለመሥራት መሞቅ ነበረበት፤ ማሽኑ ሲበራ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ታች እየቆጠረ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። ከመግነጢስ ጋር ስለማይስማማና በቀላሉ ስለሚበላሽ ዕድሜ አልነበረውም። ኮናሚ ጨዋታውን ወደ ተራ ሮም ቺፕ ገልብጦ ደግሞ አወጣው። የመጀመሪያው አካል ብርቅ ሆኖ ሲቀር ጨዋታው በቅጂዎቹ ኖረ። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ብራናው ያረጃል፣ ቁም ጸሐፊው በገለበጠው ንባቡ ይቀጥላል።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ላይ ዝርፊያና ውድመት ደርሷል። አንድ ጓደኛዬ የመመረቂያ ሥራው የተረፈው በሸሸበት ኪሱ ውስጥ ፍላሽ ስለነበረ ብቻ ነው፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሙሉው ሳይሆን በስልክ ለማሳየት ብሎ ያሳጠረው ቅጂ ነበር። ዛሬ የሚሠራው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ግራጫው ሳጥን

መርሳ የደረሰው ሳጥን የኔንቴንዶ ፋሚኮም አልነበረም። በእስያ ፋብሪካዎች የተሠራ አምሳያው ነው። የፋሚኮም ፕሮሰሰርና የምስል ቺፕ በአንድ ቺፕ ተጠቃልለው፣ በላያቸው ጥቁር ሙጫ ፈስሶባቸው፣ በርካሽ ይሸጡ ነበር። ሩሲያ ውስጥ «ዴንዲ»፣ ፖላንድ ውስጥ «ፔጋሰስ» በሚል ስም ትውልድ ያሳደጉት እነዚሁ ናቸው። ካሴቶቹ «9999999 ኢን 1» ይላሉ፤ ዝርዝሩ ሲወርድ ግን ጥቂት ጨዋታዎች ስማቸውን እየለወጡ ይመላለሳሉ።

እዚህ ላይ የቴሌቪዥን ሥርዓትም ይገባል። ጃፓን በምትጠቀምበት ሥርዓት ማያው በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ አገራችን በተቀበለችው ፓል ግን 50 ጊዜ ነው። ጨዋታው ጊዜን የሚቆጥረው በዕድሳት ስለሆነ፣ ለፓል ቴሌቪዥን በተሠራ አምሳያ ላይ ያው ካሴት በ5/6 ፍጥነት ይሄዳል። መርከቡም፣ ጥይቱም፣ ሙዚቃውም ይዘገያሉ። የጃፓን ልጅ በ25 ደቂቃ የሚጫወተውን እኛ በ30 ደቂቃ እንጫወታለን ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት 1 ብር ስሌት ከብራችን 17 ሳንቲም ያህሉን የወሰደው የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ነበር። ጋሼ ደቂቃ ሊጨምሩልን ይገባ እንደነበር አሁን በማስረጃ መከራከር እችላለሁ፤ በሌላ በኩል ጨዋታው ዘግይቶ ስለቀለለን ዕዳው የተካካሰ ይመስለኛል።

ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን በአጠቃቀሙ ላይ ነው። አርኬዱ የተሠራው በየጨዋታው ሳንቲም እንዲበላ ነው፤ ኮንሶሉ ግን አንዴ ተገዝቶ በቤት እንዲኖር። በእኛ ከተሞች ኮንሶሉ ከቤት ወጥቶ ጌም ቤት ገባ፤ በሰዓት ተከፈለበት፤ ከኋላ የሚመክር፣ የሚስቅ፣ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ ከበበው። ተመልሶ አርኬድ ሆነ። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ባሉት ከተሞች ከዚያ ወዲህ የተስፋፉት የፕሌይስቴሽን ቤቶችም በዚሁ ሕግ ይኖራሉ። ስለዚህ ማዛወር በመሐንዲሱ እጅ ብቻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ተቀባዩ ኅብረተሰብም በራሱ ኪስና ልማድ ልክ እንደገና ያዛውረዋል። ይህ ክፍል በራሱ ጥናት የሚፈልግ ነው፤ የጌም ቤቶቹ ባለቤቶች ትዝታ ሳይጠፋ የሚሰበስበው የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ማንጎው ነው ወይስ ስልኩ?

በመጨረሻ የራሴን ውድቀት ላንሣ። ለማስተርስ ጥናቴ በሀብሩ ወረዳ የማንጎና የብርቱካን ቅጠል በሽታን ከፎቶግራፍ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ የተመሠረተው ሬስኔት-50 በተባለው ሞዴል ላይ ነበር። ይህ ሞዴል ከ25 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱ በ32 ቢት ሲቀመጥ ወደ 100 ሜጋባይት ይጠጋል። በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ላይ ሸጋ ነበር። ጊራና አካባቢ ወስጄ በአንድ አርሶ አደር ስልክ ላይ ስጭነው፣ የስልኩ ሜሞሪ 1 ጊጋባይት ነበርና፣ ፎቶ በተነሣ ቁጥር መተግበሪያው ያለ አንዳች ቃል ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ሞከርን። አዛውንቱ ቅጠሉን እንደያዙ «አየ ልጄ፣ አሁን የታመመው ማንጎው ነው ወይስ ስልኩ?» አሉኝ።

ሆኖ የነበረው የዘጠነኛው ስፕራይት ታሪክ ነው። ስልኩ ሜሞሪ ሲያልቅበት ማን እንደሚወጣ ራሱ ይወስናል፤ አይጠይቅም፣ አያስጠነቅቅም። ምን እንደሚቀር እኔ ስላልወሰንሁ ማሽኑ ወሰነልኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ሞባይልኔት ቪ2 ወደተባለው ሞዴል ዞርሁ፤ ወደ 3.5 ሚሊዮን ቁጥሮች ያሉት ነው። ቁጥሮቹን ከ32 ቢት ወደ 8 ቢት ሳወርዳቸው መጠኑ ከ14 ሜጋባይት ገደማ ወደ ሩቡ ወረደ። ባለ 8 ቢት መሆኑ አስቆኛል፤ ሞዴሉ የሚቀበለው ምስል ቁመት 224 ፒክስል መሆኑ ደግሞ ይበልጥ፣ የአርኬዱ «ግራዲየስ» ማያ ቁመትም 224 ነበርና። አስቸጋሪው ግን መጠኑን ማውረድ አልነበረም፤ ለዚህ የተዘጋጁ መሣሪያዎች አሉ። አስቸጋሪው የኦፕሽኑን ዓይነት ውሳኔ መወሰን ነበር። ስምንት የሰብል ዓይነቶች ይለያል ብዬ በጥናት ዕቅዴ ጽፌ ነበር፤ ሁለት አስቀረሁ። በቅጠሉ ላይ የታመመውን ቦታ በቀለም የሚያሳየውን ካርታ፣ በሴሚናር ላይ ከሁሉ የተወደደልኝን፣ አወጣሁት። ያልነካኋቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መልሱ ሰውየው ቅጠሉን ከእጁ ሳይጥል መድረሱ ነው። ሁለተኛው መተግበሪያው እርግጠኛ ካልሆነ «አላወቅሁም፣ የግብርና ባለሙያ ያነጋግሩ» ማለቱ ነው፤ ይህን ለማቆየት ስል የሞዴሉን ሌላ ክፍል ቆርጫለሁ።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ማነስ ቆጥረውታል፤ የጥናት ዕቅድ ከስምንት ወደ ሁለት ሲወርድ በኮሚቴ ፊት ማስረዳት ቀላል አይደለም። የእኔ መከራከሪያ የአሠራር ጥያቄ ነው፦ ከእያንዳንዱ የዚህ ዓይነት ጥናት ጋር፣ ከውጤቱ ሠንጠረዥ ጎን፣ ሥራው የተሞከረበት እጅግ ደካማው ስልክ ምን እንደነበረ፣ በዚያ ስልክ ላይ እንዲሠራ ሲባልም ምን እንደተቀነሰና ምን እንዳልተነካ በግልጽ ይጻፍ። እኔ በረቂቄ ሦስተኛ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ገጽ ለዚህ መድቤያለሁ።

መስከረም ላይ ወደ ጊራና ተመልሼ ነበር። መተግበሪያው በዚያው ስልክ ላይ ሳይዘጋ ሠራ፤ ለመጀመሪያው ቅጠል የሰጠው መልስም «አላወቅሁም» የሚል ነበር። አዛውንቱ ማያውን ወደ ጥላ አዙረው አነበቡትና ሌላ ቅጠል ሊቀጥፉ ሄዱ።